ሽታው እስኪወጣ፦ በቶርኖ ለወጣ የእንጨት ሳህን የላከር አቀባብና የፖሊሽ አሠራር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእህቴ ሠርግ አንድ ጎድጓዳ የዋንዛ ሳህን በቶርኖ፣ ማለትም እንጨቱን እያዞረ በመሮ በሚያስቀርጽ ማሽን፣ ሠራሁ። የአፉ ስፋት 32 ሳንቲ ሜትር ነበር። ስምንት እጅ ላከር ቀባሁትና በአራተኛው ቀን ፖሊሽ አደረግሁት። ሲያልቅ የመስኮታችን ፍርግርግ በሳህኑ ሆድ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ እህቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ሳህኑ ፈንዲሻ ተሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጎንበስ ብዬ ሳየው ያ መስታወት የለም። የእንጨቱ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ጎልተው ይታያሉ፤ ላይ ላዩም የብርቱካን ልጣጭ መስሏል። እሷ ልብ አላለችውም። እኔ ግን ቡናውን በቅጡ አልጠጣሁትም።

ሳህኑን ማንም አልጎዳውም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ላከሩ ሳይደርቅ ፖሊሽ አድርጌዋለሁ። በእጅ ሲነኩት ደርቋል፣ ውስጡ ግን ገና ቲነር፣ ማለትም ላከሩ የሚሟሟበትን ፈሳሽ፣ ይዟል። ያ ቲነር ቀስ እያለ ሲወጣ ላከሩ እየሳሳ ወደ ቀዳዳዎቹ ሰመጠ።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ሥራ ትልቁን ጊዜ የምሰጠው ለመጠበቅ ነው። አቀባቡን ማንም በሁለት ቀን ይለምደዋል። መቼ እጅን መሰብሰብ እንዳለበት ማወቁ ነው የሚከብደው። ከታች የምጽፈው እኔ የምከተለውን አሠራር ከእንጨቱ እስከ መጨረሻው ሰም ነው።

ላከር ስንል

የምናገረው ቀለም ቤቶች ላከር ወይም ኒትሮ እያሉ ስለሚሸጡት ነው። መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ይባላል። ከጥጥ ወይም ከእንጨት ቃጫ በአሲድ ይሠራና በቲነር ይሟሟል። በጃፓን የሚታወቀው ኡሩሺ የሚባል ላከርም አለ። ስማቸው አንድ ነው እንጂ ዝምድና የላቸውም። ኡሩሺ የዛፍ ደም ነው፤ የሚጠነክረውም እርጥበት ባለው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነው። የኛው ላከር ደግሞ እርጥበት ጠላቱ ነው።

ኒትሮ መጀመሪያ ስም ያወጣው በመኪና ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ዱኮ ብሎ የሰየመውን ላከር በ1920ዎቹ ለጄኔራል ሞተርስ መኪኖች አቀረበ። ከዚያ በፊት አንድ መኪና ቀለሙ ደርቆ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በኋላ ፖሊሽ ላይ ስንደርስ የምንጠቀምባቸው ነገሮች የመኪና ቀለም ቀቢዎች ዕቃዎች ናቸው።

ከሁሉም በላይ ልታውቁለት የሚገባው ጠባይ ይህ ነው። ቫርኒሽ ሲደራረብ እንደ እንጀራ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ይነጠፋል እንጂ አይዋሃድም። ላከር ግን እንደ ጧፍ ነው። ጧፍ ሲሠራ ክሩ ሰም ውስጥ በተነከረ ቁጥር አዲሱ ሰም የፊቱን አቅልጦ አብሮት አንድ ይሆናል። ላከርም አዲሱ እጅ ውስጥ ያለው ቲነር የታችኛውን ያሟሟዋል። ስምንት እጅ ብትቀቡ በመጨረሻ ያላችሁ አንድ ወፍራም ሽፋን ነው። ስለዚህ ስታሹት የንብርብር ቀለበት አይወጣባችሁም። በቫርኒሽ የማይሆነው መስታወት በላከር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሲበላሽ መጠገኑ የሚቀለውም ለዚሁ ነው።

እንጨቱ

እኔ በብዛት የምሠራው በዋንዛ ነው። ፈርኒቸር ቤቶች የሚጥሉት ቁርጥራጭ ለአንድ ሳህን ይበቃል፤ ዛፍ ማስቆረጥ አያስፈልግም። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል። ላከር ሲነካው ወደ ማር መልክ ያደላል። ቀዳዳው ሰፋ ያለ ስለሆነ ግን ብዙ እጅ ይጠጣል። ወይራ ጥቅጥቅ ያለና ከባድ ነው፤ ሦስት አራት እጅ ይበቃዋል። ቅባት ስላለው ከመቀባቱ በፊት ቲነር በነካ ጨርቅ ሁለት ጊዜ መጠረግ አለበት፣ አለዚያ ላከሩ በደንብ አይዝም። ግራቪሊያም ጥሩ ነው፤ መረብ የመሰለው መልኩ በላከር ሥር ያምራል። በጣም ነጭ የሆነ እንጨት ላይ ግን ሁለቴ አስቡ። ኒትሮ ዕድሜው ሲገፋ ቢጫ ይላል።

እርጥብ እንጨት ላይ ላከር አይቀባም። እንጨቱ ሲደርቅ ይጠብባል፣ ይጣመማል፤ ላከሩ ደግሞ ግትር ስለሆነ ይሰነጠቃል። እንጨታችሁ እርጥብ ከሆነ መጀመሪያ በወፍራሙ አውጡት። የግድግዳው ውፍረት የስፋቱን አንድ አሥረኛ ይሁን፤ ለ30 ሳንቲ ሜትር ሳህን 3 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር ጥላ ቦታ አስቀምጡት። በየሳምንቱ በኩሽና ሚዛን መዝኑትና ክብደቱን ታቹ ላይ በእርሳስ ጻፉ። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ቁጥሩ ካልተለወጠ ደርቋል። ወራት ሊወስድ ይችላል። ሲደርቅ መልሳችሁ ቶርኖ ላይ አውጡትና ወደ መጨረሻው ቅርጽ አምጡት። እኔ ግድግዳውን ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር አደርገዋለሁ።

የብርጭቆ ወረቀት

ላከር ጭረት ያጎላል። ደረቅ እንጨት ላይ የማይታይ ጭረት ላከር ሲያርፍበት እንደ ዱካ ቦግ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ እዚህ ያጠፋችሁት ሰዓት በኋላ ቀናት ያተርፍላችኋል።

ከቁጥር 120 ጀምሩ፤ ቀጥሎ 180፣ 240፣ 320፣ በመጨረሻ 400። ቁጥር አትዝለሉ። እያንዳንዱ ወረቀት ሥራው የቀደመውን ጭረት ማጥፋት ብቻ ነው። ቶርኖውን ቀንሱት፤ ለዚህ ስፋት ሳህን በደቂቃ ከ400 እስከ 500 ዙር በቂ ነው። ወረቀቱ ጣታችሁን ካቃጠለ እንጨቱንም እያቃጠለው ነው፤ ሙቀቱ ጥቃቅን ስንጥቅ ያመጣል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የእጅ ጌጥ፣ ሁሉም ከመጀመራችሁ በፊት ይውለቅ። የአቧራ ማስክ አድርጉ።

ሳህን ሁለት አስቸጋሪ ቦታዎች አሉት። እንጨቱ በጎኑ ታስሮ ስለሚወጣ በዙሪያው ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቦታዎች ላይ መሮው የእንጨቱን ቃጫ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። በእጅ ስትዳስሱት ከሌላው ቦታ ሻካራ ነው። እዚያ ላይ ቶርኖውን አቁማችሁ በእጅ እሹት። በየቁጥሩ መጨረሻም እንዲሁ ቶርኖውን አቁማችሁ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ጥቂት ጊዜ እሹ። የዙሪያ ቀለበት የሚመስሉት ጭረቶች የሚጠፉት በዚህ ነው።

ወደ ላከር ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ፈተና አለ። መብራት አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ ከጎን አብሩበት፤ ብርሃኑ እንጨቱን ታክኮ ይለፍ። ከዚያ ቲነር በነካ ጨርቅ ሳህኑን ጥረጉት። እርጥብ ሆኖ የምታዩት መልክ ላከር ሲቀባ የሚኖረው መልክ ነው። ጭረት ካያችሁ በእርሳስ ክበቡትና ተመለሱ።

ቲነር ሳይከፈት

ኒትሮም ቲነርም በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። ትነታቸው ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ከእናንተ ርቆ ያለ ከሰል ሊያገኝ ይችላል። እኛ ግቢ ቡና ከተፈላ ላከር አይከፈትም። ወይ ቡናው ይቀድማል፣ ወይ ላከሩ። ሲጋራ፣ ዕጣን፣ ምድጃ፣ የብየዳ ሥራ፣ ሁሉም መራቅ አለበት። በርና መስኮት ክፈቱ። የሆስፒታል ማስክ ወይም አፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ ትነትን አያስቀርም። የከሰል ማጣሪያ ቆርቆሮ ያለው፣ ቀለም ቀቢዎች የሚያደርጉት ማስክ ነው የሚያስፈልገው። ራስ ማዞር ከጀመራችሁ ሥራውን ጥላችሁ ውጡ። የተጠቀማችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉት፤ ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ሲለር

ሲለር ከላከሩ በፊት የሚቀባ መሠረት ነው፤ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ የተነሳውን የእንጨት ጸጉር ቀጥ አድርጎ ያቆማል። በውስጡ ያለው ዱቄት ወረቀት ሳይደፍን በቀላሉ እንዲታሽ ያደርገዋል። ሲለሩን በእኩል መጠን ቲነር አቅጥኑት። በብሩሽ ጠግቦ እንዲጠጣ ቀቡት፣ ትርፉን በካናቴራ ጨርቅ ጥረጉት። ከአንድ ሰዓት በኋላ በ400 እሹት። የሚወጣው እንደ ዱቄት ነጭና ደረቅ ከሆነ ደርሷል። ወረቀቱ ላይ እየተንከባለለ ከተጣበቀ ገና ነው።

ለዋንዛ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ለወይራ አንድ ጊዜ። ብዙዎች ሲለር ርካሽ ስለሆነ እሱን አብዝተው ላከሩን ይቆጥባሉ። አልመክርም። ሲለር ለስላሳ ነው፤ ወፍራም ሆኖ ከታች ከተኛ ከላይ ያለው ጠንካራ ላከር የሚቆምበት መሠረት የለውም፤ መልኩም ጭጋግ ይለብሳል።

አቀባብ

ኮምፕሬሰር ካላችሁ በስፕሬይ ይሻላል። ላከርና ቲነርን እኩል በእኩል ቀላቅሉና በስስ ጨርቅ አጥልሉት። የመርጫው አፍ ከ1.3 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ግፊቱ 2 ባር አካባቢ፣ ርቀቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሳህኑ የሚዞር ነገር ላይ ይቀመጥ። እኔ ምን አለሽ ተራ የገዛሁትን የአሮጌ ወንበር መዞሪያ ሳንቃ ላይ አስሬ እጠቀማለሁ። አንድ እጅ ያዞራል፣ አንድ እጅ ይረጫል።

ጠፍጣፋ ጠረጴዛ የቀባ ሰው ሳህን ላይ የሚቸገረው ውስጡን ሲቀባ ነው። የሚረጨው አየር ሆዱ ውስጥ ገብቶ መውጫ ያጣል፤ ይሽከረከርና የደረቀ ብናኝ ይዞ ግድግዳው ላይ ይጥላል። በጣት ስትነኩት አሸዋ አሸዋ ይላል። መፍትሔው ለውስጡ ግፊቱን ወደ 1.5 ባር መቀነስና የሚረጨውን መጠን ማሳነስ ነው። መጀመሪያ ታቹን በአጭሩ ንኩት፣ ከዚያ ግድግዳውን እያዞራችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ በከንፈሩ ጨርሱ። መርጫውን ቀጥታ ወደ ታች አትደግኑት፣ ጋደል አድርጉት፤ አየሩ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ውስጡ ካለቀ በኋላ ውጪውን ቀቡ።

ትክክለኛ እጅ ሲያርፍ እርጥብ መስሎ ያብረቀርቃል፣ ግን አይወርድም። ደርቆ ካረፈ ርቀታችሁ በዝቷል። እንባ ከሠራ ቆማችኋል ማለት ነው። እንባውን በጣት አትንኩት። ይድረቅና በኋላ በወረቀት ታወጡታላችሁ።

ስፕሬይ ከሌለ ጸጉሩ ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ይሠራል። ብሩሹን ጠግቦ ያዙት፣ አንዴ አስኪዱት፣ አትመለሱበት። ላከር በደቂቃ ውስጥ መያዝ ይጀምራል፤ ከተመለሳችሁ የታችኛውን አቅልጣችሁ ትጎትቱታላችሁ። በጨርቅ መቀባትም ይቻላል፤ ስስ ስለሚሆን ቁጥሩን እጥፍ አድርጉት። በምንም ዓይነት ቶርኖው እየዞረ ጨርቅ አትጠቀሙ። ጨርቅ ከያዘ ጣት ይዞ ይሄዳል። እየዞረ መጥረግ ካስፈለገ ለስላሳ ወረቀት ብቻ ይሁን፤ ወረቀት ይቀደዳል።

በአንድ እጅና በሚቀጥለው መካከል አንድ ሰዓት ስጡ። በቀን ከሦስት እጅ አትለፉ። ከሦስተኛው በኋላ ያድርና ጠዋት በ400 ቀለል አድርጋችሁ እሹት፤ ጉብታው ይወርዳል፣ ጉድጓዱ እያብረቀረቀ ይቀራል። እነዚያ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ገና ያልሞሉ ቀዳዳዎች ናቸው። ሦስት እጅ ትደግማላችሁ፣ ታሳድራላችሁ፣ ታሻላችሁ። ለዋንዛ መስታወት ለሚፈልግ ስምንት እጅ ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በላይ መሄድ አልወድም። ሳህኑ እንጨትነቱን አጥቶ ፕላስቲክ ይመስላል፤ ወፍራም ላከር ደግሞ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል። የቀዳዳው ምልክት ትንሽ ቢቀር ይሻለኛል።

ክረምትና በጋ

ክረምት ላይ የቀባችሁት ሳህን ዓይናችሁ እያየ ነጭ ጭጋግ ሊለብስ ይችላል። ቲነር በፍጥነት ሲተን የሳህኑን ገጽ ያቀዘቅዘዋል። በአየሩ ያለው እርጥበት እዚያ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል፣ ላከሩ ውስጥም ይታሠራል። ብርጭቆ ላይ ትንፋሽ እንደሚያርፈው ነው። ዝናብ እየዘነበ ወይም ሊዘንብ ሲል አትቀቡ። አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰዓቱ ዝናብ ስለሚሆን እኔ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ እቀባለሁ፤ ሰማዩ ካልከፈተ ደግሞ እተወዋለሁ። ጭጋጉ ከመጣ አትደንግጡ። በነጋታው አየሩ ደረቅ ሲሆን ቲነር ብቻ ስስ አድርጋችሁ እርጩበት። ላከሩ ተመልሶ ይላላል፣ እርጥበቱም ይወጣል። ሪታርደር የሚባል ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ካገኛችሁ ጥቂት መጨመር ይረዳል። ሲበዛ ግን መድረቂያውን ያራዝመዋል።

በጋ ላይ ችግሩ ፀሐይ ነው። ቶሎ ይድረቅ ብለው ሳህኑን ፀሐይ ላይ የሚያወጡ አሉ። እንጨቱ ሲሞቅ በቀዳዳው ያለው አየር ይለጠጥና ላከሩን እየበሳ ይወጣል። የመርፌ ቀዳዳ የሚመስሉ አረፋዎች ታያላችሁ። ሳህኑ የሚቀባበት ክፍል ውስጥ ይደር፣ እዚያው ጥላ ውስጥ ይድረቅ።

ላከሩ በረጨችሁበት ቦታ ሁሉ ክብ ክብ እየሠራ ከሸሸ፣ ሲሊኮን ወይም ቅባት ነክቶታል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከእጅ ቅባት፣ ከመኪና ፖሊሽ ወይም ኮምፕሬሰሩ ከሚተፋው ዘይት ነው። በቲነር አጥባችሁ ከመጀመር ውጪ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

መጠበቅ

አሁን እጃችሁን ሰብስቡ። ስድስትና ስምንት እጅ የተቀባ ሳህን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ክረምት ከሆነ እኔ አንድ ወር እሰጠዋለሁ። አየር በሁሉም በኩል እንዲያገኘው ታቹን በሦስት ትንንሽ እንጨቶች ላይ አሳርፉት። ላስቲክ አትሸፍኑበት፤ አቧራ ከፈራችሁ ከላይ ራቅ አድርጋችሁ ጨርቅ ዘርጉ።

የእህቴ ሳህን ገጹ እንደተለወጠ ካየሁ በኋላ አንድ ሌላ ሥራ ይዤ ሙያውን ወዳስተማሩኝ ጋሼ ሄድኩ። ዕድሜ ልካቸውን ከእንጨት ጋር የኖሩ አናጺ ናቸው። ሳህኑን ተቀበሉኝ፤ ግን አላዩትም። ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን እስከ ግንባራቸው ድረስ ሳህኑ ውስጥ አስገቡ። ትንሽ ቆዩ። ቀና ሲሉ “መቼ ነው የቀባኸው?” አሉኝ። አሥር ቀን ሆኖታል አልኳቸው። “ይሄ ገና ይተነፍሳል፤ ወስደህ አስቀምጠው” አሉና መለሱልኝ። ስለ ቅርጹ ያን ቀን አንድም ቃል አልተናገሩም።

እሳቸው ያደረጉትን እኔ ትንሽ አሻሽዬዋለሁ። ማታ ሳህኑን በንጹሕ ትሪ እከድነዋለሁ። ጠዋት ምንም ሳልበላና ሳልጠጣ ክዳኑን አንስቼ ወዲያው አሸታለሁ። ሌሊቱን የወጣው ቲነር ሁሉ ሆዱ ውስጥ ተጠራቅሞ ይጠብቃል። አፍንጫን ከነካ ሦስት ቀን ይጨመርለታል። እንጨት እንጨት ብቻ ከሸተተ ለወረቀት ደርሷል። ተጨማሪ ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ታቹ ላይ፣ በማይታየው ቦታ፣ ጥፍራችሁን ጫን አድርጉ። ምልክት ካስቀረ ገና ነው።

በውሃ ማሸት

ለዚህ በውሃ የሚሠራው ጥቁሩ የብርጭቆ ወረቀት ነው የሚያስፈልገው፦ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ ከተገኘም 2000። ወረቀቱን ለሩብ ሰዓት ውሃ ውስጥ ንከሩት። ውሃው ላይ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ። ከወረቀቱ ጀርባ ለስላሳ ስፖንጅ ያዙ፤ በጣት ብቻ ካሻችሁ የጣታችሁ መስመር ሳህኑ ላይ ይቀራል። በእጅ እሹ። ቶርኖ ላይ ከሆነም ሞተሩን አጥፍታችሁ በእጅ እያዞራችሁ ሥሩ።

ዓይናችሁ ከሚወጣው ዝቃጭ ላይ አይነሳ። ወተት ከመሰለ ላከር ነው፤ ቀጥሉ። ቡናማ ከሆነ እንጨቱ ላይ ደርሳችኋል። እዚያው ቁሙ፣ አድርቁ፣ ሁለት እጅ ላከር ጨምራችሁ መጠበቁን እንደገና ጀምሩ። ያማል፤ ሌላ መንገድ ግን የለውም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከንፈሩ ላይ ነው። ጠርዝ ላይ ላከር ሲቀባም ስስ ሆኖ ይቀራል፣ ሲታሽም ወረቀቱ እዚያ ላይ ይበረታል። እኔ ጠርዙን በ600ና በ800 ጨርሶ አልነካውም፤ በ1000 ሁለት ሦስት ጊዜ አልፍበታለሁ፣ ይበቃዋል።

በየቁጥሩ መጨረሻ ውሃውን ጥረጉና በጎን ብርሃን እዩት። ገጹ አንድ ዓይነት ደብዛዛ መሆን አለበት። እንደ ከዋክብት የሚያብለጨልጩ ነጥቦች ካሉ ጉድጓዶች ቀርተዋል። እነሱን በ1500 ላጠፋ ብትሉ ትደክማላችሁ እንጂ አይጠፉም፤ ወደ 600 ተመለሱ። ቁጥር በቀየራችሁ ቁጥር ውሃውንም ስፖንጁንም ቀይሩ። አንዲት የ600 ፍሬ በ1500 ውሃ ውስጥ ከገባች ሙሉውን ሥራ ትጭረዋለች።

የማያብረቀርቅ ለስላሳ መልክ የሚወድ ሰው 1000 ላይ ማቆም ይችላል። እጅግ ቀጭን በሆነው፣ አራት ዜሮ በሚባለው የብረት ሱፍ ላይ ትንሽ ሰም አድርጎ በአንድ አቅጣጫ ማሸት፣ ከዚያ በጨርቅ መወልወል ነው። እውነቱን ለመናገር ለወይራ ይህን መልክ እመርጣለሁ።

የድሮ ሠሪዎች በዚህ ደረጃ የደቀቀ የፑሚስ ድንጋይ ዱቄት ይጠቀሙ ነበር። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይህ ድንጋይ ሞልቷል፤ ለብሎኬት የሚመጣው ቀላሉ ነጣ ያለ ድንጋይ እሱ ነው። ፈጭቶ መጠቀም ያጓጓል። እኔ ግን አልሞክረውም፤ በእኩል ልክ ያልተነፋ ዱቄት አንድ ሻካራ ፍሬ ካለው ሳህኑን ይቧጭረዋል።

ፖሊሽ

በእጅ መሥራት ይቻላል፤ ለመጀመሪያ ሳህን የምመክረውም እሱን ነው። የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን ኮምፓውንድ የሚባል ሻከር ያለ ፖሊሽ ግዙ፤ ሲሊኮን የሌለበት ይሁን። የካናቴራ ጨርቅ አጣጥፋችሁ ጥቂት ንኩበት። መዳፍ የሚያህል ቦታ ብቻ ያዙና እየከበባችሁ እሹ። መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ እየሳሳ ይሄድና ከሥሩ ብርሃን ብቅ ይላል። ወደሚቀጥለው መዳፍ እለፉ። ሲያልቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ በደቃቁ ፖሊሽ ድገሙት። ለአንድ ሳህን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እጅ ይዝላል። ግን አያቃጥልም፣ አይነጥቅም።

በማሽን ከሆነ የጥጥ ጎማ፣ ማለትም ከጥጥ ጨርቅ የተሠራ ክብ መወልወያ፣ ቶርኖ ላይ ወይም ሞተር ላይ ይታሰራል። የ20 ሳንቲ ሜትር ጎማ በደቂቃ ከ1,500 ዙር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ኒትሮ በሙቀት ይለሰልሳል፤ አንድ ቦታ ላይ ከቆያችሁ ይጨማደዳል። ሳህኑን ዘወትር አንቀሳቅሱት። ወዲያው በጉንጫችሁ ንኩት፤ ለብ ካለ አርፉ። ለየፖሊሹ የራሱ ጎማ ይኑረው፦ መጀመሪያ ትሪፖሊ የሚባለው ቡናማው፣ ቀጥሎ ነጩ። ላከሩ እስከ 2000 በደንብ ከታሸ ግን ቡናማውን መዝለል ይቻላል። ለሳህኑ ሆድ ኳስ የሚመስል ትንሽ የጥጥ ጎማ አለ፤ ድሪል ላይ ይታሰራል።

አያያዙን ልብ በሉ። የጎማው አናት ወደ እናንተ የሚዞር ከሆነ ሳህኑን ከጎማው እምብርት በታች፣ በእናንተ በኩል አስጠጉት። ጎማው ከጠርዙ ላይ ወደ ውጪ እየሸሸ ይለፍ እንጂ ወደ ጠርዙ አይምጣ። ጠርዝ ከያዘ ሳህኑን ከእጃችሁ ነጥቆ መሬት ላይ ይጥለዋል። እኔ ከጎማው ሥር ወፍራም ስፖንጅ አነጥፋለሁ። ሁለት ሳህን አትርፎልኛል።

በመጨረሻ ሰም። ካርናውባ ከብራዚል ዘንባባ የሚገኝ ጠንካራ ሰም ነው፤ የሚቀልጠው ከ80 ዲግሪ በላይ ስለሆነ የጣት አሻራ አይዝም። በጎማ ላይ ስስ አድርጋችሁ አሳልፉት። የንብ ሰማችንም እንደ ልብ ይገኛል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ግን ለስላሳ ነው፤ በ60ዎቹ ዲግሪ ይቀልጣል፣ አሻራም ይታይበታል። ለማያብረቀርቀው ሳህን የንብ ሰም፣ ለመስታወቱ ካርናውባ እጠቀማለሁ።

አጠቃቀምና ጥገና

ይህን ሳህን የምትሰጡት ሰው ምን ሊያደርግበት እንደሚችል ንገሩት። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ፈንዲሻ፣ ፍራፍሬ ይሆንለታል። ትኩስ ወጥ አይሆንም፤ ሙቀቱ ነጭ ቀለበት ይተውበታል። አረቄና ሌላ ጠንካራ መጠጥ ላከሩን ያለሰልሰዋል። ውሃ ውስጥ አይዘፈዘፍም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ወዲያው ይደርቃል። ሊጥ የሚቦካበት ገበቴ ላይ ደግሞ ላከር ከነጭራሹ አይቀባ። ገበቴ ዘይት እንጂ ላከር አይፈልግም።

ከተጫረ መጀመሪያ በፖሊሽ ሞክሩት። ካልወጣ በ1500 እሹና ፖሊሹን ድገሙት። ጭረቱ ጥልቅ ከሆነ ሰሙን በነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጠርጋችሁ አንሱ፣ በ600 እሹት፣ ሁለት እጅ ቀጠን ያለ ላከር ጨምሩ። አዲሱ የድሮውን አቅልጦ አብሮት አንድ ይሆናል፤ ዳሩ አይታወቅም። የእህቴን ሳህን ያዳንኩት እንዲህ ነው። ባለፈው ጥቅምት ወስጄ ሦስት እጅ ጨመርኩበት። ኅዳርን ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን እያነሳሁ አሸተው ነበር፤ ሽታው ጨርሶ ሲጠፋ ታኅሣሥ ገብቶ ነበር። በዚያው ሳምንት ፖሊሽ አድርጌ መለስኩላት።